ከረባት አድርጎ ልጅ ያዘለው ሰውዬ እኔ ነኝ

ጎበዝ፣ ፎቶው በቴሌግራም ሳይደርሳችሁ እኔው ቀድሜ ልናዘዝ!

አዎ። ከረባቱን አሥሮ፣ ሕፃን በነጠላ አዝሎ፣ ከትልልቅ እንግዶች ፊት ፊት የሚሄደው ሰውዬ እኔ ነኝ። ኤዲት አይደለም። ኤአይም አይደለም።

ልጁ የኔ አይደለም። ነጠላውም የኔ አይደለም።

ውርደቱ ግን ሙሉ በሙሉ የኔ ነው!

ጎንደር ውስጥ በአንድ መምሪያ የሰው ሀብት ቡድን መሪ ነኝ። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሥራዬ የሠራተኛውን ደኅንነትና ምቾት መጠበቅ ነው። በተግባር ግን "ፈቃድ ሙላልኝ"፣ "ወንበሬን ወሰዱብኝ"፣ "እገሌ ሰላም አይለኝም" ስባል ነው የምውለው።

ባለፈው ሳምንት የዝና መልቀቂያ ይዛ ቢሮዬ ገባች። የዝና የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቋል፣ ባሏ ሥራው ሩቅ ነው፣ እናቷ ደግሞ ታመው ገጠር ናቸው። ልጇን ናኦድን የሚይዝላት ሰው የለም።

"ሙሉቀን፣ ምን ላድርግ? በር ዘግቼበት ልምጣ?" አለችኝ።

ምን ልበላት? በሥራዋ የሚተካከላት የለም። ሥራዋንም ትወደዋለች። መልቀቂያውን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

የሚያናድደው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው ታዟል። ክፍሉም አለን! ውስጡ ግን የተሰባበረ ወንበርና የሞተ ፕሪንተር ታጭቆበታል። ለኃላፊያችን በነገርኩት ቁጥር "በዕቅድ ተይዟል" ይለኛል። በዕቅድ የተያዘ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ የመንግሥት ሥራ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

"እስከ ዓርብ ታገሺኝ" አልኳት። ዓርብ ማለት ዛሬ ነው።

ትናንት ስልክ ተደወለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የሱፐርቪዥን ቡድን ነገ ይገባል!

ኃላፊያችን እየሮጠ መጣ። "ቼክሊስቱ ላይ የሕፃናት ማቆያ አለ እንዴ?"

"አለ።"

"እንግዲያው እኛም ይኑረና!"

ዕድሜውን ሁሉ በዕቅድ ተይዞ የኖረው ክፍል በአንድ ከሰዓት ተጸዳ፣ ታጠበ፣ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ታፔላ ተሰቀለለት። ወንበሮቹና ፕሪንተሮቹ የት ሄዱ አትሉኝም? የኔ ቢሮ! አሁን በሩ ራሱ በግማሽ ነው የሚከፈተው። ኃላፊያችን ከወለቃ መንገድ ዳር የገዛውን የሸክላ አንበሳ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ "ይኸው መጫወቻ" ብሎ ለገሰ። ቀጥሎ ደግሞ ለእናቶቹ ሁሉ "ለነገ ብቻ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ" የሚል ትእዛዝ ወረደ።

አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። ለሱፐርቪዥን ቢሮ ይታጠባል፣ ግድግዳ ላይ ጥቅስ ይለጠፋል፤ እኛ ግን ሕፃን አስመጣን!

ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን አስረክበው፣ ሐሳብ የሌለባቸው መስለው በየጠረጴዛቸው ተቀመጡ። የዝና ናኦድን ስትሰጠኝ ጉንጩን ሳመችውና "አንድ ቀንም ቢሆን አርፌ ልሥራ" አለች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሙሉ ነበር። ታፔላው አለ፣ ምንጣፉ አለ፣ አንበሳው አለ፣ ልጆቹም አሉ።

ሞግዚት ረሳን!

እኔ የገባሁት የተጣመመውን ታፔላ ላቃና ነበር። እንግዶቹም ያን ጊዜ ገቡ። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ክፍሉን ቃኙት።

"ሸጋ ነው። ሞግዚቷ የታለች?"

ኃላፊያችን እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ዝም አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ለምን አልክ እንዳትሉኝ! አፌ ነው፤ እኔን አላማከረኝም።

ናኦድ የሰማ ይመስል ለቅሶውን ለቀቀው። አነሳሁት፣ ወዘወዝኩት፣ አፏጨሁለት። ባሰበት። እሱን ሲሰማ አንዱ ሕፃን አንበሳውን ወርውሮ ከሁለት ከፈለው፣ በድንጋጤ ሌሎቹም በለቅሶ ተከተሉ። ኃላፊያችን ለአንበሳው አዘነ መሰለኝ፣ እሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"እዘለው እንጂ!" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

"እ?"

"ሞግዚት አይደለህ? እዘለው!"

አያችሁ፣ እኛ አገር ወንድ ልጁን ይስማል፣ ያቅፋል፣ ትከሻው ላይ ያስቀምጣል። ማዘል ግን! ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ናኦድን ጀርባዬ ላይ ለጠፉት፣ ከፊት ለፊት ከረባቴ ሥር ጥፍር አድርገው ቋጠሩት።

ናኦድ ጸጥ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ወዲያው! እኔም ደነገጥኩ።

"በል አሁን ሌሎቹን ቢሮዎች አሳየን፤ እንዳታወርደው ይነቃል" አሉኝ። ሌሎቹን ልጆች ከቡድናቸው አንዷ ይዛላቸው ቀረች። እኔም ጊቢውን አቋርጬ፣ በባለጉዳይ ሰልፍ መሀል፣ አዝዬ ወጣሁ። ስልኮች ከየኪሱ ሲወጡ አየሁ።

ከሰልፉ ውስጥ ደግሞ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? አያ ደሴ! ከዳባት! ከአባቴ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ናቸው።

"ምነው ሙሉቀን! አገሩ ሴት አጣ?"

"ሥራ ነው አያ ደሴ።"

"ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርኸው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ናኦድንስ የት አደርገዋለሁ?

ሒሳብ ክፍል ስንደርስ የዝና ቀና ብላ ልጇን ጀርባዬ ላይ አየችው። አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም።

"ልጅሽ ነው? ማቆያው ጠቀመሽ?" አሏት ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

የዝና ኃላፊያችንን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። "አዎ" ካለች ቼክሊስቱ ላይ ራይት ይደረጋል፣ ሰኞ ወንበሮቹ ተመልሰው ይገባሉ፣ እሷም ትሄዳለች። "አይ" ካለች ደግሞ ኃላፊያችን አለ። ናኦድ ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል። ፈራሁ። ግን ከዚህ በላይ ምን ልዋረድ?

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ክፍሉ እስከ ትናንት መጋዘን ነበር፣ ሰኞም መጋዘን ይሆናል። የዝና ልጇን የሚይዝላት ስላጣች ዛሬ ሥራ ልትለቅ ነው። እኔም ሞግዚት አይደለሁም።"

"እሱንማ አያያዝህን ሳይ አውቄዋለሁ" አሉ።

ወደ ኃላፊያችን ዞሩ። "እውነት ሰኞ ይዘጋል?"

ኃላፊያችን ላቡን ጠረገ። "ኧረ በፍጹም! ቋሚ ነው! ዕቃዎቹም እኮ... ሙሉቀን ቢሮ ናቸው!"

ከየቢሮው የወጡ እናቶች ኮሪደሩን ሞልተውት ነበር። "ሁላችንም ሰምተናል!" አለች የዝና።

"እኔም ጽፌዋለሁ። ተመልሼ መጥቼ አየዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ከኮሪደሩ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው! ሌሎቹም ተቀበሏት። ናኦድ ነቃ፣ እሱም በለቅሶ አጀበ። ወገኖቼ፣ በሕይወቴ እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ከረባቴ ላይ ለሀጭ እየተንጠባጠበ ኮራሁ!

መልቀቂያዋን ከኪሴ ሳወጣ የዝና ከእጄ ነጥቃ ቦጫጨቀችው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ከመውጫ ሰዓት በፊት ኃላፊያችን ጠራኝና "ቋሚ ሞግዚት እስኪቀጠር ድረስ ከመደበኛ ሥራህ በተጨማሪ በተደራቢነት አንተ ትይዛለህ" አለኝ። "ቢሮዬስ?" ልል ነበር። ቢሮዬ ውስጥ ለካ ወንበር እንጂ መቀመጫ የለም።

እናቴም ከዳባት ደወለች። አያ ደሴ አገራቸው ሳይገቡ ወሬያቸው ገብቷል። "ሚስት ሳታገባ የማንን ልጅ ነው ያዘልኸው?" አለችኝ። እስካሁን እያስረዳሁ ነው።

ትምህርቱ? መሥሪያ ቤት ውስጥ "እኔ ነኝ" ከማለታችሁ በፊት ጥያቄውን ደግማችሁ ስሙ!

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲሄዱ ነጠላቸውን ልመልስላቸው ብል እምቢ አሉኝ። "ሰኞ ያስፈልግሃል" አሉ።

እና እናቶች፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፦ ሳይፈታ እንዲውል ቋጠሮው በየት በኩል ነው የሚታሰረው?