እንግሊዝኛ በኪሎ ስንት ነው?

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ልጃችሁ መጥታ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ ላጠና ነው» ብትላችሁ፣ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው «ለምን ወደድሽው?» ነው ወይስ «እንጀራ ይወጣዋል?»

አትዋሹ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ውሸት የምሰማበት ጊዜ የለኝም። «እንጀራ ይወጣዋል?» ነው የምትሉት። አልፈርድባችሁም። ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ፣ እቤታችን ሳሎን ውስጥ።

ሰፈራችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አለፍ ብሎ ነበር። ከእኛ ወዲያ እስከ ጎሮ ድረስ የጤፍ ማሳ ነው። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ለፈረንጅ የምናከራያት አንዲት ቤት ነበረችን፤ ትርፍ ቤት ተብላ ተወረሰች። ፈረንጁም አገሩ ገባ። አባት፣ እናት፣ እኔና አራት ታናናሾቼ በአንድ ደመወዝ ቀረን።

የሄዱት ፈረንጆች መጽሐፎቻቸውን ጥለው ነበር። ዘበኞቹ በጆንያ እየሞሉ ለባለሱቁ ለሰይድ ይሸጡለታል። ሰይድ ወሎዬ ነው፤ ምላሱ ማር ነው፣ ሚዛኑ ግን ትንሽ ወደ እሱ ታደላለች። መጽሐፉን የሚገዛው ለመጠቅለያ ነው፤ በኪሎ። የአማርኛ ጋዜጣ ሳሳ ስለሚል ለስኳር ይመቻል። የእንግሊዝኛው ወረቀት ወፍራም ነው፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይረክሳል። የእንግሊዝኛን ዋጋ መጀመሪያ የተማርኩት እዚያ ነው።

ማንበብ የለመድኩትም እዚያው ነው። እናቴ በርበሬ ስትልከኝ የተጠቀለለበትን ወረቀት አላስጥልም። የታሪኩ ሰውዬ ታሞ ሐኪም ሲጠራ ገጹ ያልቃል፤ ይዳን ይሙት ሳላውቅ እከርማለሁ። ሰይድ ታዘበኝና «አንቺ ልጅ፣ በርበሬውን ለእናትሽ ስጪ፣ ወረቀቱን አንቺ ብዪ!» ይለኝ ጀመር። በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ መጽሐፍ ሳይቀድ እያቆየ ያስነብበኝ ነበር። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ የት ድረስ እንደሆነ ታያላችሁ።

ማትሪክ አለፍኩ። እንግሊዝኛ ላጥና አልኩ። በሕይወቴ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለግሁት ሁሉ የእሱ ምትክ ነው።

እሑድ ቀን ጉባኤ ተጠራ። ነገሩን የያዘው የእናቴ ወንድም ታደሰ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ። ጋሼ ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ይፈልግ ነበር፤ ቦታውን ለእኔ ያስያዘው እሱ ነው። ሰይድም በጎረቤትነት ተጠርቶ ተቀምጧል።

«ትምህርቱ ነጻ ነው» አለ አጎቴ። «አራት ዓመቱ ግን ነጻ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የለ። ከዚያ ትመረቃለች። መንግሥት የት ይመድባታል? ጠረፍ፣ አስተማሪ። ቤት ትከራያለች፣ ትበላለች፣ ታገባለች። ለዚህ ቤት ምን ይተርፋል?»

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «የተማረ ይግደለኝ ይባል የለም እንዴ?» አለ።

«ሲገድል አላየህም? ሲገደልስ?»

ያኔ ዝም የሚያሰኝ ነገር በየሰፈሩ ሞልቶ ነበር።

«ደግሞስ» አለ አጎቴ፣ «ዘመኑ የሩሲያኛ ነው።»

ሰይድ ይሄኔ «የሩሲያኛውስ ወረቀት ይታጠፋል?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ ዋጠኝ። በሳቅ ያለቀ ጉባኤ መልሶ ይከፈታል? እናቴ «በይ ልጄ፣ እህል ውሃሽ እዚሁ ነው» አለችና ምሳ አቀረበች።

የቀበሌ ሱቅ ሻጭ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረች ያላየ አያውቅም። ሚኒስትር ናት በሉት። ባርኔጣ አውልቀው የሚሰግዱልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳሙናው። ታናናሾቼ ጠገቡ። አራቱም ተማሩ።

አብራኝ ማትሪክ ያለፈችው ጓደኛዬ ጽጌ እንግሊዝኛ አጥንታ ተመረቀች። አጎቴ እንዳለው ጠረፍ ተመደበች፤ እንዳለው ቤት ተከራየች፤ እንዳለው አገባች። ለእናቷ የረባ ነገር አልላከችም። ክረምት ስትመጣ ስኳር የምትለምነው እኔን ነው።

«አንቺስ ታድለሻል» አለችኝ አንድ ቀን። ቀጥላ ለተማሪዎቿ ስለምታነብላቸው ታሪክ አወራችኝ። አንዱ የገበሬ ልጅ መጨረሻውን ለመስማት በዝናብ እየሮጠ ክፍል እንደሚገባ ስትነግረኝ ፊቷ በራ። ወረፋው ረዘመ። ከኋላ አንዲት ሴት «እናንተ! ወሬውን እቤታችሁ!» ብላ ጮኸች። ስኳሩን መዘንኩላት። ሚዛኑ አልታይ ስላለኝ አበዛሁት መሰለኝ።

በኋላ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ሱዳን፣ ከሱዳን እንግሊዝ አገር። እዚያ እንግሊዝኛን ሰካራሙም ያውቀዋል። ቢሮ እጠርጋለሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነባለሁ። መደርደሪያ በመደርደሪያ ጨረስኩት። ታዲያ ያነበብኩትን ለማን ላውራ? አብራኝ ወለል የምትወለውለው እንግሊዛዊት «ምን አስጨነቀሽ? ቴሌቪዥን አይደለም እንዴ ያለው!» ትለኛለች። ለእሷም ቋንቋው እንጀራ አልወጣውም።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ሰናይት ደወለች።

«እትዬ፣ አባባ አልጋ ይዘዋል። የንስሐ አባታቸው የበደሉት ሰው ካለ ቢሏቸው፣ ያንቺን ስም ጠሩ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ለቤተሰቡ ብለው እኮ ነው። ስሌታቸው ደግሞ ትክክል አልነበረም?»

«ትክክል ነበር» አልኳት። «በአንዲት ሳንቲም አልተሳሳተም። ቢሳሳት ኖሮ ሰው ይሳሳታል ብዬ እተወው ነበር። የማውቀውን ነው አስልቶ የነገረኝ። የምወደውን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

«በማርያም እትዬ! ይቅር ብያለሁ በይልኝ። አንድ ቃል ናት፤ ምን ያስወጣሻል?»

አያችሁ? ሰው ሊሞት ሲልም ሂሳብ ነው።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «እሱንም፣ ያን እሑድ ከጎኑ የተቀመጡትንም፣ የሞቱትንም፣ ያሉትንም። ማንንም ይቅር አልልም።»