ሞተር ሳህን አይደለም

እኛ የተዋስነውን ሳህን ባዶውን አንመልስም። ዳቦ የመጣበት ቆሎ ይዞ፣ ቆሎ የመጣበት ብርቱካን ይዞ ይመለሳል። ያማረ ባሕል ነው፤ ሳህን ላይ እስከቆመ ድረስ። ሞተር ላይ ሲደርስ ግን የእግዜር ያለህ!

የማወራው እዚህ አሜሪካ ስላለው የበረዶ መጥረጊያ ማሽናችን ነው። አባዬና ሁለት ጓደኞቹ፣ የታኮማ ፓርኩ ጋሽ ታደሰና የበልትስቪሉ ጋሽ መኮንን፣ በጋራ የገዙት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ከቤት ቤት የሚዞር የተከበረ ንብረት። መመሪያውን ከሦስቱ ቤተሰብ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ምን ላድርግ፣ የታተመ ነገር አላልፍም። ዘይት ከመጨመር በፊት በመለኪያው ዘንግ ማየት፣ ከምልክቱም አለማሳለፍ ይላል። ይህን ለማን ልንገር? ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋብኛል።

ባለፈው ጥር፣ ዓመት ሙሉ ለሥራ ሳመለክት ከርሜ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የመጀመሪያዬ! በቀጠሮዬ ጠዋት ስነሳ የምንኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ውጦታል፤ መኪናዬ እስከ በሯ ተቀብራለች።

አባዬ የማሽኑን ገመድ ሳበ። ማሽኑ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ጠፋ። ወዲያው ተራቸውን ሊወስዱ የመጡት ሁለቱ ጋሾች ደረሱና ጉባኤ ተጀመረ። ጋሽ ታደሰ፣ ድሮ ፔጆ የነበራቸው በመሆኑ፣ ካንዴላው ነው ብለው ፈረዱ። ጋሽ መኮንን፣ አንተ ታዴ፣ ፔጆህን እዚያው ተዋት፣ ይሄ ጋዙ አርጅቶ ነው አሉ፤ ቤንዚኑን ማለታቸው ነው። አባዬ ባትሪው ደክሟል አለ። ማሽኑ ባትሪ የለውም።

እኔም ዘይቱ በዝቶ ይሆናል አልኩ፤ ለአካፋዬ። አካፋው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ሰዓቴን ሳይ ለቀጠሮዬ የቀረኝ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ደግሜ ስናገር ድምፄ ጩኸት ሆኖ ወጣ። ጋሽ ታደሰ ደንግጠው፣ ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ ብለው አባዬን ጠየቁት።

ዘንጉን መዝዤ አሳየኋቸው። ዘይቱ ምልክቱን አልፎ ሽቅብ ሄዷል። ማን ጨመረ? ጋሽ ታደሰ በኩራት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ፤ የሰው ዕቃ እንዲሁ አይመለስም፣ ሁሌ ትንሽ ጠብ ያደርጉበታል። ጋሽ መኮንንም እንደዚያው። አባዬ ጓንቱን ማስተካከል ያዘ፤ ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ባዶ የዘይት ጠርሙሶች ግን የምጥለው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንድ ቀን ያፈሰሰ አለ? የለም! ከጋራ ንብረት መቀነስማ ነውር ነው!

የማፍሰሻውን ብሎን ፈትቼ ትርፉን ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። ዘይቱ ምልክቱ ላይ ሲደርስ አባዬ ገመዱን ሳበ፤ ማሽኑ ጥቂት አጭሶ ተነሳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንኳን ደስ ያለህ እየተባባሉ እርስ በርስ ተጨባበጡ። ጋሽ መኮንንም አየህ፣ ጋዙ ሲሞቅ ለቀቀው አሉ።

መኪናዬ ከበረዶው ስትወጣ በርሬ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አሌክሳንድሪያ ደረስኩ፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ዘይት ጠረጴዛ ሥር ደብቄ ተጠየቅሁ። ስወጣ አባዬ ሦስት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ብደውል የምሥራች አለኝ፦ ሦስቱ ተሰብስበው በሌለሁበት የማሽኑ ዋና መካኒክ አድርገው በሙሉ ድምፅ ሾመውኛል፤ ጋሽ ታደሰም ነገ በጠዋት ድረሽ ብለውኛል።

ቤተ መጻሕፍቱ እስካሁን አልመለሰልኝም። ዓመት ሙሉ ስንት ቦታ አመልክቼ፣ የተቀጠርኩት ባላመለከትኩበት ነው።