የአንተነህ ግራ ክንድ

የሰው ልጅ ግራና ቀኙ እኩል ነው ያለ ሰው ገበሬ ሸሚዙን ሲያወልቅ አይቶ አያውቅም። ከኔ ብንነሳ፣ አንዱ ጆሮዬ ድግስ ሲጠሩኝ ከሦስት ጋራ ማዶ ይሰማል፤ ሌላው ሥራ ሲጠሩኝ ጎኔ ቆመው ቢጮኹም አይሰማም። ላስተካክላቸው ብዬ ብነሳ የቱን ልጎዳ ነው? ፈጣሪ አበላልጦ የሰጠኝን አበላልጬ እኖራለሁ።

የእህቴ ልጅ አንተነህ ግን እንዲህ ብሎ የሚተኛ ልጅ አይደለም። ፍኖተ ሰላም እየተመላለሰ ብረት የሚያነሱበት ቤት ገባ። ልጁን ያበላሸው ብረቱ እንዳይመስላችሁ፤ መስታወቱ ነው። እኛ መንደር ያለ መስታወት ቢበዛ አፍንጫና አንድ ዓይን ቢያሳይ ነው። የዚያ ቤቱ ግን ግድግዳ ያህላል አሉ። አንተነህ ሸሚዙን አውልቆ ቢቆምበት ቀኝ ክንዱ የሰንጋ ጭን፣ ግራው የሽንኩርት ቅጠል ሆኖ ታየው። ምን ይደረግ? እርፍ የሚጨብጠው በቀኙ ነው፤ ግራው ጅራፍ ከመያዝ በቀር ሌላ ማዕረግ አላየም። ሠርጉ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሱፍ ሊለብስ፣ ቪዲዮ ሊቀረጽ!

አሰልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው። በግራህ ጀምር፣ ግራህ የቻለችውን ያህል ካነሳህ በኋላ ቀኝህን በዚያው ልክ ብቻ አሠራት፣ ወራት ይፈጃልና ታጋሽ ሁን አለው። አንተነህ ሁሉንም ሰምቶ ወጣ፤ ታጋሽ ሁን የምትለዋ ብቻ መንገድ ላይ ጠፋችበት።

«አያ፣ ቀኜን ብረቱ ቤት ባሳርፋት ምን ዋጋ አለው? እርሻ ስትውል መልሳ ትወፍራለች» አለኝ። እውነቱን ነው። መላውንም ራሱ አመጣው፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ በጋቢ ጠፍንጎ አስሮ በግራው ብቻ ሊያርስ። እኔስ? እኔማ ቋጠሮውን አጠበቅሁለት። እንዲህ ያለውን ነገር ከከለከልነው መንደሩ በምን ሊስቅ ነው?

በሬዎቹ ያን ዕለት ያዩት መከራ! ጅራፍ የለ፣ የለመዱት እጅ የለ። አንተነህ ሲጮህባቸው ዞረው አዝነው ያዩታል። ትልሙ ከመጣመሙ የተነሳ እባብ ቢያየው በቅናት ይሞት ነበር።

ለገበያ የምታልፍ አንዲት ጎረቤታችን ልጁን እጁን ታስሮ አየችው። አለቀ! ወሬው ፍኖተ ሰላም ሲገባ የአንተነህ እጅ ተሰብሯል፤ ቡሬ ሲደርስ ሽባ ሆኗል፤ የእጮኛው አገር ሽንዲ ሲደርስ ከትከሻው ተቆርጧል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መንደሩ በሬውን እየነዳ ለደቦ መጣ። የታመመ ሰው መሬት እንዴት ጦም ይደር? ዛሬም እጁን አስሮ የወጣውን አንተነህን ዋርካው ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ሴቶቹም ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያጎርሱት ጀመር። አፉ እንደ ሞላ ወደኔ ዘንበል ብሎ «አያ፣ ነውር ነው፤ እውነቱን ልንገራቸው» አለኝ። «ንገራቸው እንጂ፤ ብቻ ማሳውን ይጨርሱ» አልሁት። ለዘመድ እንዲህ የሚያስብ አጎት ከወዴት ይገኛል?

ማሳው ሳያልቅ የእጮኛው አባት አያ ደምለው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከሽንዲ ደረሱ። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ሰላምታውን ሳይጨርሱ አለቀሱ። «ልጄ፣ እወድሃለሁ። ነገር ግን ልጅቷን የሰጠሁት ለሁለት እጅ ነው። በአንድ እጅ ጎጆ እንዴት ይቆማል? ምን ላድርግ?» አሉት።

አንተነህ አመድ መሰለ። የልጅቷን ስም ሲሰማ እንኳ የያዘውን የሚጥል ልጅ ነው። ጋቢውን በጣጥሶ ጣለና «ደህና ነኝ አባቴ! እንድታርፍ ብዬ ነው ያሰርኋት!» እያለ ቀኙን ዘረጋ። ደቦው ቆመ። በሬው ሳይቀር ቆመ።

አያ ደምለው ሰንጋ እንደሚገዛ ሰው ክንዱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ ጨመቁት፣ መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው በራ። «ተመስገን! ዕረፍት እኮ መድኃኒት ነው» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሠርጉም ተረፈ። እሳቸው ግን ደስታው ሞልቶባቸው ግራውንም ሊዳስሱ እጅጌውን ሰበሰቡ።

ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ መልሰው ግራውን አዩ። «ወይኔ ልጄን! በሽታው ወደዚህች ተሻግሯል!» አሉ። አንተነህ ሊያስረዳ አፉን ቢከፍት ማን ይሰማዋል? ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግራ ክንዱን በገዛ እጃቸው ደረቱ ላይ ጠፍንገው አሰሩና፣ እስከ ሠርጉ ድረስ ሥራ የሚባል እንዳያስነኳት መንደሩን በሙሉ ተማጠኑ።

አማቱን እምቢ የሚል ሙሽራ የት አለ? አንተነህ ግራው እንደ ታሰረ በቀኙ መሬቱን ተደግፎ የአያ ደምለውን ጉልበት ሳመ። ቀኝ እጁም እዚያው፣ ዓይናችን እያየ፣ ትንሽ ወፈር ያለች መሰለኝ።