እትዬ ለተብርሃን እጅ የገባ ቦርሳ

አሮጌ ዕቃ እየወደደ ዕቃው አሮጌ መምሰሉን ግን የማይወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። እትዬ ለተብርሃን ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አሮጌ የቆዳ ቦርሳ እያጸዱ ያድሳሉ። ሳሎናቸው የቆዳ ቅባት ይሸታል። እንግዳ ሲመጣ ቀድመው የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን የያዘውን ቦርሳ ነው።

አንድ ቀን ጓደኛዬን ሳራን ወሰድኩላቸው። ሳራ እዚሁ ሆላንድ ተወልዳ ያደገች ናት። እናቷ በቅርቡ አርፈዋል፤ ቡናማ የእጅ ቦርሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ሻግቶ ነበር።

«ሻጋታውን ብቻ አጽጂልኝ» አለቻቸው። አንቺ መባላቸውን እንኳ ልብ አላሉትም፤ ዓይናቸው ቦርሳው ላይ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ቦርሳው ያብረቀርቃል። እጀታው ላይ የእናቷ ጣቶች ያደበዘዙት ቦታ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሳራ ከፈተችውና አፍንጫዋን አስገባች።

«የእማዬ ሽቶስ?»

«ምን ያለ ግትር ሽታ መሰለሽ! ሶዳ ነስንሼ አሳደርኩት፤ አሁን ድራሹ ጠፍቷል።»

«የሊፕስቲኳ ምልክትስ?»

«እሱም ለቀቀልሽ!»

ሳራ ቦርሳውን አቅፋ አለቀሰች። እኔ መግቢያ ጠፋኝ። እትዬ ለተብርሃን ግን ያን ዕንባ ምን ብለው የተረዱት ይመስላችኋል? ከልብ የመነጨ ምስጋና! የእሳቸውም ዓይን ዕንባ አቀረረ። ሳራን እቅፍ አድርገው ጀርባዋን እየደባበሱ፣

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ጫማም ትተው እንደሆነ አምጪልኝ» አሏት።