አካፋ የመረጠው አማች

(ላይኛው ካናዳ፣ በ1840ዎቹ። አየርላንዳዊው ጊልበርት ልጁን ሌቲሺያን ለትዳር የጠየቀውን የጎረምሳውን የሂዩን ሃይማኖት ለመለየት ከድንች ማሳ አጥር ጀርባ አድፍጧል። የማሳው ባለቤት ጎረቤቱ አርቺ ነው፤ ለጎረምሳው ሽማግሌ ሆኖ የመጣውም እሱ። ማሳው ላይ ሁለት ሰዎች ይቆፍራሉ።)

ጊልበርት፦ ጠይቀው ትለኛለህ? ሰው ይዋሻል። እግር አይዋሽም።

አርቺ፦ እግር ምን ያውቃል ጋሼ?

ጊልበርት፦ አየርላንድ፣ አልስተር ተወልደህ ይሄን አታውቅም? የኛ ሰው፣ ፕሮቴስታንቱ፣ አካፋውን በቀኝ እግሩ ይረግጣል። ካቶሊኩ በግራው። ከቅድመ አያት የወረደ ነው፤ ውቅያኖስ ቢሻገሩም አይለቅም።

አርቺ፦ አንድ እግሩ የተቆረጠስ?

ጊልበርት፦ እሱ ድንች አይቆፍርም።

አርቺ፦ ሁለቱንም የሚያፈራርቀውስ?

ጊልበርት፦ እሱ ነጋዴ ነው።

አርቺ፦ እኔ እኮ ልጁን አውቀዋለሁ፤ ልንገርዎት...

ጊልበርት፦ አርቺ፣ ራስህ የተሰጠህ ለባርኔጣ ማስቀመጫ ነው። ዝም ብለህ አሳየኝ። ሂዩ የትኛው ነው?

አርቺ፦ ረጅሙ። ጠጉረ ቀዩ።

(ጊልበርት ዓይኑን አጠበበ። ረጅሙ ጎረምሳ አካፋውን በቀኝ እግሩ ረገጠ። አባት ተነፈሰ። ሌቲሺያ እሱን ካላገባሁ ብላ ካኮረፈች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ጨው ያለው ሾርባ ከጠፋም እንዲሁ።)

ጊልበርት፦ ቀኝ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።

አርቺ፦ ካቶሊክ ቢሆንስ?

ጊልበርት፦ ካቶሊክ ማየት ካማረህ ከጎኑ ያለውን አጭሩን እየው። በግራው ነው የሚረግጠው። አንገቱ ራሱ መቁጠሪያ ሲቆጥር የጎበጠ ነው።

አርቺ፦ የጠማው ይመስላል። ውሃ ላቀብለው?

ጊልበርት፦ ሮም ሄዶ ይጠጣ።

(መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ የአርቺን እጅ ጨበጠ። እንዲህ የተጨበጠ ውል ከብት ገበያ ላይ እንኳ አይፈርስም።)

አርቺ፦ እሰየው። ሂዩም እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ ያመሰግንዎታል።

ጊልበርት፦ ከምን መልስ?

አርቺ፦ ከቅዳሴ። ካቶሊክ ነው እኮ። ልነግርዎት ስል ዝም በል አሉኝ።

(ጊልበርት ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። ውሉ ፈርሷል አለ፤ ምራቁም ደርቋል፤ ልጁም ቆማ ትቀራለች እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። አርቺ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርስ ጠበቀው።)

አርቺ፦ እሺ ጋሼ። አጭሩንስ ሰው ምን ልበላቸው?

ጊልበርት፦ እሱን ደግሞ ምን አገባው?

አርቺ፦ ከቤልፋስት የመጡት አዲሱ ፓስተራችን ናቸው። ትናንት እኔ ቤት አደሩና ዛሬ ላግዛችሁ ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

(ጊልበርት አጥሩን ያዘ።)

አርቺ፦ ሰርጉ ለምን ቀረ ብለው ይጠይቁኛል። መቼም ያውቁኛል፣ ነገር መደበቅ አልችልበትም። ጋሽ ጊልበርት ሃይማኖት በእግር ይለያሉ፣ እርስዎንም ካቶሊክ ነው ብለዋል፣ አንገትዎንም አይተውልዎታል፣ ውሃ ቢጠማዎት ሮም አለልዎት ብለዋል፣ እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

(አጭሩ ሰው ላባቸውን ጠርገው ወደ አጥሩ መምጣት ጀመሩ።)

ጊልበርት፦ አርቺ።

አርቺ፦ አቤት ጋሼ።

ጊልበርት፦ ሰርጉ መቼ ነው ያልከኝ?