ጭስ ያጣው ሚኒባስ

የባሕር ዳርን አየር ለማጽዳት የተቋቋመው ጽሕፈት ቤት የሚያጨሱ መኪናዎችን ቅጣት ማስከፈል የጀመረ ሰሞን፣ የወረታው ሹፌር ኡበይዳ ከልቡ ደስ አለው። ሚስቱ ኑሰይባ አስም አለባት። ስለዚህ ጥገት ላሙን ሸጦ የሚኒባሱን ሞተር አሳደሰ፤ ጭስ የሚባል ነገር ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ኑሰይባን ለሐኪም ቀጠሮዋ ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ ከኋላ ተሳፋሪ ሞልቶ ሲመጣ ከከተማው መግቢያ ላይ አስቆሙት። የፍተሻው ኃላፊ አቶ አንዳርጋቸው፣ የጭስ መለኪያው ገና በግዥ ሂደት ላይ ስለሆነ፣ ነጭ መሐረብ ከጭስ ማውጫው ላይ ያዙ። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ሁለተኛ መሐረብ አወጡ። እሱም ነጭ።

"ምን አድርገኸው ነው?" አሉ በቁጣ።

"አሳደስሁት፣ ጋሼ።"

"ማንን አስፈቅደህ?"

"አየሩ እንዳይበከል ብላችሁ ስትለፍፉ ሰምቼ..."

"እንዳይበከል አልን እንጂ እንዳይከፈል አልን?"

አቶ አንዳርጋቸው የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ከፍተው አሳዩት። በዚህ ሳምንት መቶ የሚያጨሱ መኪናዎች መገኘት ነበረባቸው፤ ሹፌሩ ሁሉ ግን እየተነሣ ያሳድሳል።

"እንዲህ ከቀጠለ አየሩ ይጠራና ቢሮው ይዘጋል። አሥራ ሰባት ሠራተኛ የት ይውደቅ?" ድምፃቸው ሰለለ። ኡበይዳም አዘነላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ፣ አንዴ ከጠፋች ስለማትነሣ፣ ከጎናቸው እያጓራች ጥቁር ጭሷን ትለቅ ነበር። ኑሰይባ ማሳል ጀመረች። አቶ አንዳርጋቸው ፊታቸው በራ። ብዕራቸውን መዘዙና "በተሽከርካሪው ውስጥ ሳል ተገኝቷል" ብለው ጻፉ።

"ኧረ ጋሼ፣ የሚያስለኝ የእናንተው ፒክአፕ ነው!" አለች ኑሰይባ፣ አፏን በሻሿ ይዛ።

"እሷ የመንግሥት ናት፣ እኅቴ። ጭሷ በበጀት የተያዘ ነው።"

ኡበይዳ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር። የሚስቱ ትንፋሽ ሲያፏጭ ሲሰማ ግን፣ ቀጠሮው እንዳያልፍ ብሎ ቅጣቱን ከፈለ። ደረሰኙ "ለንጹሕ አየር ስላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን" ይላል።

ማርሽ ካስገባ በኋላ አንድ ነገር ከነከነውና በመስኮት ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ይህ ገንዘብ ግን ለምን ይውላል?"

አቶ አንዳርጋቸው ኮታቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

"ቁጥጥሩን ልናጠናክር ነዋ! ሁለተኛ ፒክአፕ ተፈቅዶልናል።"