ወደ ውስጥ የሚገፋ አጥር

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዙፋን ሕልም አየች። አልጋ ላይ ሆና አይደለም፤ ጸጉር ቤት፣ ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ራሷን ማድረቂያው ካስኮ ውስጥ ከታ፣ ጉልበቷ ላይ የማታነበው መጽሔት ዘርግታ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በግራ ጎኗ መተኛት አቅቷት የከረመች ሴት፣ ሞቅ ያለ አየር ጆሮዋ ላይ ሲነፍስ ብታንቀላፋ አይፈረድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ዙፋን ለዘመድ አዝማዱ "ዕቃ ላመጣ ነው" ብላ ቱርክ ሄደች። እውነቷን ነበር፤ ዕቃውን ግን በሻንጣ ሳይሆን ደረቷ ውስጥ ይዛ ተመለሰች፦ ሁለት ሲሊኮን፣ አንድ ለቀኝ ጡቷ፣ አንድ ለግራው። ሁለት ልጅ አጥብታ፣ ባሏን ፈትታ፣ ከመስታወቷ ጋር ለመታረቅ ያደረገችው ነው። ማንንም አላስፈቀደችም፣ ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ግን ቀኙ አርፎ ሲቀመጥ ግራው ጠጠር አለ፣ እንደ ኳስ ተድበለበለ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ አንገቷ መጠጋት ጀመረ። ዙፋን "ብርድ ነው" አለች። ቪክስ ቀባችው። በነጠላ ጠፍራ አሰረችው። ብርዱ ግን አልወጣም።

ባለፈው ረቡዕ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለታናሽ እህቷ ሠርግ የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ለመስፋት ሜትራቸውን ደረቷ ላይ አዞሩና ቆም አሉ።

"ዙፊ፣ ዳገት ላይ ነው እንዴ የቆምሽው? ግራሽ በሁለት ጣት ከፍ ብሏል።"

"ሜትሩ ነው የተሳሳተው፣ እትዬ።"

"ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ፣ ተሳስቶ አያውቅም። ሐኪም አሳዪው፣ የኔ ልጅ።"

"ከሠርጉ በኋላ።"

ሠርጉ እሑድ ነው። ሐኪም ቤት ብትታይ ወሬው ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ዘመዱ ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ የሷን ደረት ሲመረምር ይውላል። ዙፋን ወሬውን ፈራች፣ ሕመሙን ከወሬውም በላይ ፈራች፤ ሁለቱን እያፈራረቀች ስትፈራ ነው ካስኮው ውስጥ እንቅልፍ የጣላት።

በሕልሟ ካስኮው ተነሥቶ ወጥቶ ሄደ፤ እሷም ተከተለችው። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ሰላም የሚባባለው እየሸሸ ነበር። ትንሽ የሚተዋወቁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ በጣም የሚዋደዱ ደግሞ ዘለው አጥር ይሻገራሉ። አክስቷ ከሩቅ አይታት "ዙፊዬ፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ!" ብላ ጮኸችና ጫማዋን አውልቃ በሩጫ ጠፋች። የሚያቅፍ የለም፣ ደረት ለደረት የሚገጥም የለም። ዙፋን እፎይ አለች። ከወር ወዲህ እቅፍ በመጣ ቁጥር ቀኝ ትከሻዋን እያስቀደመች ሰልችቷት ነበርና "እዚህ አገር ነው መኖር" አለች።

ታክሲ መጣ። ተሳፋሪዎቹ በየመስኮቱ ተንጠልጥለው "ግራ ጡት! ግራ ጡት! አንድ ሰው የቀረው!" ይጣራሉ፤ ሾፌሩ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ገባች። ወዲያው ደረሱ።

ግራ ጡት የምትባለው ሰፈር አንድ ግቢ ብቻ ናት። ዙፋን የምታውቃቸው አጥሮች በዘወርታ ወደ ጎረቤት የሚገፉ ናቸው፤ ይሄኛው ግን ወደ ውስጥ ይገፋል። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ላባቸውን እየጠረጉ ችካሉን ይነቅላሉ፣ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይገቡና መልሰው ይተክላሉ። መሐል ላይ አንድ ድብልብል ያለ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር ወትፎ ተቀምጧል።

"አንተ ማነህ?"

"ከቱርክ ያመጣሽኝ ሲሊኮን ነኛ! ስመጣ እግሬን ዘርግቼ ነበር የምቀመጠው። እዪው እንግዲህ አኗኗሬን።"

ዙፋን አዘነችለት፤ ከልቧ ነው ያዘነችው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

"እናንተ ደግሞ ከየት የመጣችሁ ናችሁ?"

"ከየትም አልመጣንም፣ የራስሽ ሰዎች፣ የገዛ ሥጋሽ ነን" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "እንግዳ ሲገባ እናጥርለታለን፤ ሥርዓታችን ነው። ለቀኙም አጥረናል፣ ተንፈላስሶ ይኖራል።"

"ይሄኛውን ታዲያ ምን አድርጓችሁ ነው የምታጠብቡበት?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ሲገባ ቆሻሻ ነገር ይዞ ሳይገባ አልቀረም" አሉ። ሌላው "ደም ቋጥሮ ነበር" አሉ። ሦስተኛው ችካላቸውን እየመቱ "ምክንያቱን እኛም በውል አናውቀው፤ ብቻ ከጀመርን ማቆም አይሆንልንም" አሉ።

"ብርድ ነው አይደል?" አለች ዙፋን ቀስ ብላ።

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሳቁ ቁጥር አጥሩ ጠበበ፤ እንግዳው ተጨመቀ፤ ዙፋን "እሪ!" አለች።

"በቪክስ የፈረሰ አጥር የት አይተሻል?" አሉ ትልቁ። "በይ ሂጂና ለሐኪሙ ንገሪ!"

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ዶክተሮች ካርዳቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። በሽተኞቹ ውስጥ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ደስ ሲላቸው "ቀጣይ!" ይላሉ። ዙፋንንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ማኅተም ሰጧት። ሽበታም ቀዶ ሐኪም ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ገቡ።

"እመቤቴ፣ ሦስት ወር ቀጠሮ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እባክዎ፣ ልይዎት?"

"ከሠርጉ በኋላ ተመለስ!" አለች ዙፋን። ማኅተም የያዘ ሰው እንዲህ ነው።

ሐኪሙ እንባቸው መጣ። "ቢያንስ ስንተኛው እንደሆነ ይንገሩኝ። አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ለስላሳ ነው፣ ማንም አያውቀውም። ሁለተኛው ሲነካ ጠንከር ይላል። ሦስተኛው ቅርጹ ተለውጦ በዓይን ይታያል። አራተኛው ያማል።"

ዙፋን በሆዷ ቆጠረች። ጠንክሯል። ወደ ላይ ወጥቷል። ያማል። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ ካርዱ ላይ "ብርድ" ብላ ጻፈችና ማኅተሙን አሳረፈችበት።

"ብርድ ከሆነማ ይልበሱ!" አሉ ሐኪሙ፣ ነጭ ጋወናቸውን አውልቀው ደረቧት። ከኋላቸው ያለውም ደረበላት። ሰልፉ በሙሉ እየገባ ደረበባት። ጋወኑ በዛ፣ ጠበበ፣ አፈናት። እንግዳው ከውስጥ በሁለት እጁ ይደበድባል፦ "ንገሪያቸው! ኧረ በፈጠረሽ ንገሪያቸው!" ዙፋን ባላት አቅም ጮኸች፦

"ብርድ አይደለም! ሲሊኮን ነው! ግራው ጠንክሮ አራተኛ ደርሷል!"

ነቃች።

ካስኮው ጠፍቷል። ጸጉር የሚነፉበት ፎንም ጠፍቷል፤ ጩኸቷ ሕልም ውስጥ አልቀረም። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በሙሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩአታል። እትዬ ጥሩወርቅ ከጎን ካለው ሱቃቸው ቀሚሱን ሊያስለኳት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ በከንፈራቸው የያዙትን መርፌ አንድ በአንድ ነቅለው ደረታቸው ላይ ሰኩና "ሜትሬ አልተሳሳተም" አሉ።

ዙፋን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ያን ጊዜ መታጠቢያው ላይ አንገቷን አንጋልላ የነበረች አንዲት የማታውቃት ሴት፣ አረፋዋ እየተንጠባጠበ ቀና አለች።

"ይቅርታ፣ የኔ እህት። ቀኝም እንደዚያ ያደርጋል? የኔ ቀኙ ነው።"

"ጠንክሯል?"

"እንደ ድንጋይ።"

"ያምሻል?"

"ስተኛበት። እኔ እኮ ብርድ መስሎኝ..."

"የምን ብርድ!" ዙፋን ቢጎዲኗ እስኪንቀጠቀጥ ተቆጣች። "ዛሬውኑ ሐኪም ታዪ! ሲጠብ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ነገ ዛሬ የምትይው ምን እስኪሆን ነው?"

ሴትየዋ አረፋውን ከዓይኗ ጠረገች።

"እሺ። አንቺን ሐኪሙ ምን አለሽ?"

እትዬ ጥሩወርቅ የዙፋንን ቦርሳ ከመስቀያው አውርደው፣ ስልኳን ፈልገው አወጡና ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት።